የገለምሶ ውሃ

አብዲሳ ውሸቱን ሩቅ አገር ያስቀመጠው አስቦበት ነበር። ድሬዳዋ ወይም ጅግጅጋ ቢያደርገው አንድ ቀን ሰው ተነስቶ ሄዶ ያይበታል። ምጽዋ ድረስ ግን ማን ይሄዳል? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገዱ ክፍት ቢሆንም ውሸቱ የተነገራቸው እናት፣ አዴ ሞሚና፣ ገና የሚያሳድጓቸው ልጆች ነበሯቸው፤ ከገለምሶ ጭሮ መምጣት እንኳ ለእሳቸው ትልቅ ጉዞ ነበር። ኋላ ጦርነት መጣና ድንበሩ ተዘጋ። እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ያኔ አገር ሁሉ ሲያዝን አብዲሳ ውስጥ ውስጡን እፎይ ብሎ ነበር።

በ2011 መስከረም ድንበሩ ተከፈተ። የጭሮ ሰው በየሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ሥር ቆሞ፣ ተቃቅፈው የሚላቀሱትን እያየ አብሮ አለቀሰ። አብዲሳ ብቻ ይዞት የነበረውን የባጃጅ ጎማ ጥሎ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለ። ጎሚስታ ነው፤ እዚያው ጭሮ በሐረር መንገድ ዳር ጎማ ሲጠግን ሃያ ዓመት አልፎታል። አብሮት የሚሠራው ሰው ምን ሆንክ ቢለው ደከመኝ አለው። እውነቱን ነው፣ ደክሞት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዲሳና የአዴ ሞሚና ልጅ ዓሊዩ በ1980 ገለምሶ ገበያ ላይ በአንድ አፈሳ ተይዘው፣ በአንድ መኪና ተጭነው ወታደር የሆኑ ልጆች ናቸው። አንዱ የጴንጤ ልጅ፣ አንዱ የእስላም ልጅ፤ ምጽዋ ላይ ግን አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ነበራቸው። በ1983 ክረምት ሲገባ አብዲሳ ብቻውን ተመለሰ። ገለምሶ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። አዴ ሞሚና ፊቱን አይተው ሞቷል ወይ ብለው እንኳ አልጠየቁም።

«ቀበርከው?» አሉት።

ሌላ ምን ይበል? «አዎ» አለ።

«የት?»

ምጽዋ ደሴት ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ ከወደቧ ፊት ለፊት ደግሞ ሰው የማይኖርባት ትንሽ አረንጓዴ ደሴት አለች፣ የአንድ ሼክ መቃብር ያለባት። አብዲሳ አንድም ቀን ረግጧት አያውቅም፤ ከጦር ሰፈራቸው ሆኖ ማዶ ለማዶ ነበር የሚያያት። ያቺ ደሴት አፉ ላይ መጣችለት። «አረንጓዴዋ ደሴት ላይ፣ ሼኩ አጠገብ» አለ። «ፊቱን ወደ ቂብላ አዙሬ።»

«ቂብላው በየት በኩል ነው እዚያ?»

ምጽዋ ላይ ባሕሩ በምሥራቅ ነው፣ መካ ያለችበት ዓረብ አገር ደግሞ ከባሕሩ ማዶ። «በፀሐይ መውጫ» አለ አብዲሳ።

እሳቸውም አለቀሱና ተጽናኑ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ የዓረፋ ማግስት አብዲሳ ስኳሩን ይዞ በሚኒባስ ገለምሶ ይወርዳል፤ እሳቸውም «እስቲ ንገረኝ» ይላሉ። ይነግራቸዋል። ደሴቷም ከዓመት ዓመት እያማረች ሄደች፤ አንድ ዓመት ዛፍ አበቀለች፣ በሌላው ነጫጭ ወፍ ሰፈረባት። ልጆቻቸው እንኳ ታሪኩን በቃላቸው ያውቁታል።

በኅዳር የአዴ ሞሚና የወንድም ልጅ አብዱናስር፣ ጫት ነጋዴው፣ ጎሚስታው በር ላይ መኪናውን አቆመ። «አክስቴ የዓሊዩን መቃብር ልዘይር ብላለች። ካንተ በቀር ቦታውን የሚያውቅ የለም። የመንገዱን እኔ እችላለሁ» አለ። አዴ ሞሚና ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፤ ከሰባ አልፈዋል፣ እግራቸው አብጧል፣ ጭናቸው ላይ አምስት ሊትር ቢጫ ጀሪካን ታቅፈዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ አብዲሳ።

«የገለምሶ ውሃ። የጨው አገር ውሃ ሆዴ አይቀበልም።»

አብዱናስር መናኸሪያ አድርሷቸው ተመለሰ፤ ሁለቱ አምስት ቀን በአውቶቡስ ሄዱ። አብዲሳ በየመኝታ ቤቱ ደጃፍ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያለ ያድራል። አዲስ አበባ ላይ ሰው በዛ። ደሴ ላይ ብርድ ነበር። መቀሌ ላይ እሳቸው ከእሱ ቀድመው፣ «ኢልማ ኮ፣ አንተ ባትኖር ልጄ የአሞራ ነበር» አሉትና አፉን ዘጉት። ኢልማ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው፤ ዓሊዩን ይጠሩበት የነበረውን ለእሱ ከሰጡት ቆይተዋል። ውሃቸውን በትንሽ ጣሳ እየለኩ ይጠጣሉ፤ አስመራ ሲደርሱ የተረፈችውን በአንድ የሃይላንድ ላስቲክ ገልብጠው ጀሪካኑን ለሆቴሉ ጠራጊ ሴት ሰጧት።

ምጽዋ ኅዳርም ቢሆን ይሞቃል። ከየብሱ ተነስቶ በባሕር ላይ በተደለደለው መንገድ አውቶቡሱ መጀመሪያ ጥዋለት ወደምትባለው ደሴት ገባ። ግድግዳው ሁሉ ጥይት እንደበሳው ነው። አብዲሳ ከመንገዱ ግርጌ፣ ከባሕር ድንጋይ የተሠራ፣ በሩ ቅስት የሆነ አንድ ፍርስራሽ ቤት አየ። ወዲያው ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት አዞረ። አዴ ሞሚና አይተውታል፤ ሙቀቱ ነው ብለው ሻሻቸውን ሰጡት፣ ፊቱን እንዲጠርግ።

በማግስቱ ጠዋት ከጥዋለት ዳርቻ ጀልባ ተሳፈሩ። ባለጀልባው ከድሮ ጀምሮ አማርኛ የሚችል ሽማግሌ ነው፤ ሞተሩን አስነስቶ አገሩን ያስጎበኝ ጀመር። ያንን ቱርክ ሠራው፣ ይህንን ግብፆች፣ ያንን ፎቅ ጣሊያን፣ ያኛውን ደግሞ ቦምብ አፈረሰው። ጎብኚ መስለውታል። አዴ ሞሚና በሕይወታቸው ባሕር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው፤ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ከደሴቷ ላይ አላነሱም።

«ትንሽ ናት» አሉ። «አንተ ስትነግረኝ ትልቅ ነበረች።»

አረንጓዴነቷ ከሩቅ ነው። ሲወርዱባት አሸዋ፣ ሥራቸው ጨው ውሃ ውስጥ የቆመ ቁጥቋጦዎች፣ አንዲት ነጭ የሼኩ ቤትና አጠገቧ ጥቂት መቃብሮች። ጠባቂው አሮጌ ዣንጥላ ሥር ተቀምጧል። ወፍ የለም። አብዲሳ ሌሊቱን ሙሉ አስቦ ጨርሷል፤ የሰው መቃብር ቢያሳይ ባለቤት አይጠፋውም፣ ስለዚህ ለብቻው ያለ የድንጋይ ክምር መፈለግ ነው። አገኘም። ከቁጥቋጦው ዳር፣ ቁመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተጋደመ ክምር። እንዲህ የተኛ ሰው ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው የሚሆነው፤ በዚህ ብልሃቱ ትንሽ እንኳ ኩራት ቢጤ ተሰምቶት ነበር።

«ይሄ ነው» አለ።

አዴ ሞሚና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። የእህቱን መውለድ፣ የአባቱን መሞት፣ የቡናቸውን በበሽታ መድረቅ፣ ያቺ ሊያገባት የነበረች ሶፊያ አሁን አያት መሆኗን፣ ሁሉንም በኦሮምኛ አወሩለት። አብዲሳ ራቅ ብሎ ቆመ። በሕይወቱ እንደዚያን ጊዜ ራሱን የተጠየፈበት ቀን የለም። ቢሆንም ያልፋል፣ እንመለሳለን፣ ያበቃል ይል ነበር በልቡ።

የዙህር፣ የቀትር ሶላት ሰዓት ደረሰ። አዴ ሞሚና እጃቸውን በባሕሩ ውሃ ታጥበው መጡና ጠባቂውን «ቂብላው ወዴት ነው?» አሉት።

ጠባቂው እጁን ዘረጋ። ወደ ባሕሩ አልዘረጋም፤ ወደ ፀሐይ መውጫም አልዘረጋም። ወደ ሰሜን ነው የዘረጋው፣ ልክ ገለምሶ ላይ ወደሚሰግዱበት።

አዴ ሞሚና እጁን አዩ። ክምሩን አዩ። ሌሎቹን መቃብሮች አዩ፤ ሁሉም በሌላ በኩል ተጋድመዋል። «አብዲሳ» አሉ፣ «ልጄን ወደ የት ነው ያዞርክብኝ?»

«ያኔ … አላወቅሁም ነበር።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። አልተቆጡም። «አንተ ምን ታደርግ፣ የክርስቲያን ልጅ ነህ። ጥይት እየዘነበ መቅበርህም ትልቅ ነገር ነው» አሉ። «ግን ሃያ ስምንት ዓመት ፊቱን አዙሮ ተኝቷል። እንዲህ ትቼው አልሄድም።» ወደ ጠባቂው ዞረው ማዞር ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። ጠባቂው ከንፈሩን መጠጠ፤ ሽማግሌዎች ይጠየቁ፣ አካፋም ከማዶ ይምጣ አለ። አዴ ሞሚና አልጠበቁም። ተንበርክከው የመጀመሪያውን ድንጋይ አነሱ። ሁለተኛው ከበዳቸውና በሆዳቸው ገፉት። ሦስተኛው ጣታቸውን ጨፈለቀው፤ ደሙን በቀሚሳቸው ጠርገው አራተኛውን ያዙ።

አብዲሳ ሮጦ እጃቸውን ያዘ። «ይተዉ! አዴ፣ ይተዉ። እዚህ የለም።»

«ምን?»

«ዓሊዩ እዚህ የለም። አልቀበርኩትም።»

ጠባቂው ዣንጥላውን ይዞ ራቅ አለ። አብዲሳም እዚያው አሸዋው ላይ ተንበርክኮ ነገራቸው። ጥዋለት ላይ ነበሩ፤ በሁለት በኩል ተከበዋል። ዓሊዩ ጭኑን ተመታ። ተሸክሞ እዚያ ቅስት በር ያለው ቤት አስገባው። ዓሊዩ «ውሃ» አለ። አብዲሳ ኮዳውን ይዞ ወጣ፣ ውሃ አገኘ፣ ሞላ። ሲመለስ ዳርቻው ላይ ሰው ጀልባ ላይ ይራኮታል፤ የመጨረሻዋ ናት ተባለ።

«ተሳፈርኩ» አለ። «ኮዳው ትከሻዬ ላይ ነበር። ሙሉ ነበር።»

አዴ ሞሚና እጃቸው ላይ የቀረውን ድንጋይ መሬት አኖሩት። ፊታቸው ላይ ንዴት አልነበረም፤ ቀስ እያለ የሚገባቸው ነገር ነበር የሚታየው። የተቀበረ ልጃቸው ከተቀበረበት ወጥቶባቸዋል።

«ስትሄድ በሕይወት ነበር?»

«ነበር።»

«ምን አለህ?»

«ቶሎ ና አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያለውን አላውቅም። አንድ ቀን አላውቅም ልልዎት ነበር። አዴ፣ ደከመኝ።»

«እኔም ደክሞኛል» አሉ። ተነሱ፤ ልርዳዎት ቢላቸው እጁን አልተቀበሉትም። ወደ ሰሜን ዞረው ዙህራቸውን ሰገዱ። ሲጨርሱ ያነሷቸውን ድንጋዮች አንድ በአንድ ወደ ክምሩ መለሱ፣ የማን እንደሆነ አይታወቅምና።

በመልሱ ባለጀልባው ስለ ቱርክ አላወራም። ሞተሩ ብቻ ይጮሃል። አዴ ሞሚና ላስቲኩን ጭናቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ነገር ግን አልጠጡም። አብዲሳ ይጠጡ ሊላቸው ፈልጎ ስለ ውሃ አፉን መክፈት አፈረ።

ጥዋለት ወረዱ። «ቤቱ የት ነው?» አሉት።

በጣቱ አሳያቸው። ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። አዴ ሞሚና እግራቸውን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ ዳርቻው ላይ ካለ የተሰበረ ግንብ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የሃይላንዱን ላስቲክ ዘረጉለት። ግማሽ አልሞላም።

«እንካ።»

«እርስዎ ይጠጡት፣ አዴ፣ ሌላ የለንም …»

«ውሃ ልታመጣለት አይደል የወጣኸው?» አሉ። ድምፃቸው አልጠነከረም፣ አልለሰለሰም። «ሂድ። አድርስለት።»

አብዲሳ ላስቲኩን ተቀበለ። መንገዱን ያዘው። ሁለት ልጆች በብስክሌት አለፉት፣ አንዲት ሴት ዓሣ በሳፋ ይዛ አለፈችው። ሃምሳ ዓመቱ ነው፣ ወገቡ ያመዋል፣ ሁለት ጊዜ ቆመ። ሁለቱንም ጊዜ ዞር ሲል አዴ ሞሚና ግንቡ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። ቅስቱ ጋ ሲደርስ ሁለት ፍየሎች ከጥላው ተነስተው ወጡለት። ውስጡ ጣራ የለውም፤ ከጥግ የወደቀ ድንጋይና የደረቀ ሣር ነው።

ክዳኑን ፈታ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ገባ።

«ዓሊዩ» አለ በኦሮምኛ፣ ወደ ጥጉ፣ «ቆየሁብህ።»