ሀምዳንን ከባሕር የጠራሁ ዕለት

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ «ምላሷ ከሚጥሚጣዋ ይብሳል» የምባል ሰው ነኝ። ሐጀራ እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ከእናቴ ጋር፣ እሷ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ብቻዬን ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። በርበሬውን፣ ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱን የምሸጠው እኔ፣ ከጫኝና አውራጅ ጋር የምጨቃጨቀው እኔ። ታናሽ ወንድሜ ሀምዳን ግን ዓሣ ያያል።

ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ሥራው ነው። ጅቡቲ ሄዶ መጀመሪያ ወደብ ላይ ተሸከመ፤ ከዚያ አንድ ፈረንሳዊ ጀልባው ላይ ቀጠረው። ጀልባዋ ከወደቡ አራት ሰዓት ተጉዛ አንዲት ደሴት ጋ ትቆማለች። ደሴት ካሏት ነው እንግዲህ፤ እሳተ ገሞራ የተፋው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ዛፍ የለ፣ የሚጠጣ ውሃ የለ፣ ሰው የለ። ፈረንጆቹ ያን ያህል መንገድ የሚሄዱት የአየር ሲሊንደር ጀርባቸው ላይ አስረው ባሕሩ ውስጥ ለመጥለቅ ነው። ታች ትልልቅ እንስሳት አሉ። ወንድሜ መጀመሪያ ሲሊንደር አቀባይ ነበር፤ በሦስተኛው ዓመት እሱ ራሱ እየጠለቀ ፈረንጅ የሚመራ ሆነ። ከሻወር በቀር ውሃ የማያውቅ የመርካቶ ልጅ!

ቪዲዮ ይልክልኝ ነበር። አንዱ ላይ አውቶቡስ የሚያክል ዓሣ፣ ጀርባው በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ፣ አፉን ከፍቶ ይመጣል። ሀምዳን እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ውሃው ውስጥ ተንጠልጥሏል፤ ንቅንቅ አይልም። ዓሣው በአጠገቡ ያልፋል፣ ያልፋል፣ አያልቅም።

«ሻርክ ነው» አለኝ።

«ያ ሰው የሚበላው?»

«ይሄኛው ሰው አይበላም፣ ሐጀራዬ። በዓይን የማይታይ ነገር ነው የሚበላው። ማንታ የሚባል ደግሞ አለ፣ ክንፉ ከሱቃችን ሸራ ይሰፋል። በላዬ ሲያልፍ ፀሐዩ ይጠፋብኛል።»

«ሲሊንደር አዝለህ ከምትሰምጥ ኬሻ አዝለህ ብትነሳ አይሻልህም?» አልኩት። ሳቀብኝ። ደስተኛ ነበር፤ እኔን ያናደደኝም ያው ደስታው ይመስለኛል።

ሱቁ የተመዘገበው በሟች እናታችን ስም ነው። አምና የረድፋችን ነጋዴ በማኅበር ተደራጅቶ ሕንፃ ሊሠራ ተነሳ። ወራሾች ሁሉ፣ ማለት አባታችን፣ እኔና ሀምዳን፣ እስከ ተቆረጠው ቀን ካልፈረምን ከማኅበሩ እንወጣለን፤ ከማኅበሩ የወጣ ደግሞ ቦታውን ይለቃል ተባለ። ለሀምዳን ደወልኩ። «እሺ፣ እመጣለሁ» አለ። ደግሜ ደወልኩ። «ካልሆነ ውክልና እልካለሁ፣ ነገ ኤምባሲ እሄዳለሁ» አለ። ነገ! የዚህ ልጅ ነገ መድረሻ የለውም። ታኅሣሥ ገባና ትልልቆቹ ዓሦች የሚመጡበት ወቅት ሆነ፤ ጭራሽ ስልኩም ጠፋ። ዕድሜዬን የጨረስኩበት ሱቅ በዓሣ ምክንያት ከእጄ ሊወጣ ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

አንድ ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ሠራ። ጀልባዋ ከደሴቱ ተመልሳ ወደብ መድረሷ ነበር። ያኔ ነው አፌን በቆረጠው ያልኩትን ያልኩት።

«ሀምዳን፣ አባባን ትንሽ አሞታል። ና።»

«በጣም ነው?» አለኝ።

«ትንሽ ነው። ግን ና።»

«ሐጀራ፣ በአላህ ንገሪኝ። አለ?»

«ኧረ አለ! ዝም ብለህ ና።»

አባባ እኮ ምንም አልሆነም። ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ከደንበኛ ጋር እያወራ ነበር። ግን አገራችንን ታውቋታላችሁ። እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። አባቱ የሞተበትን ሰው «ትንሽ አሞታል፣ ና» ብለን ነው የምንጠራው፤ ቤት ገብቶ ሰው መሀል እስኪቀመጥ ድረስ «ደህና ነው» እንላለን። እናታችን የሞተች ጊዜም ለሀምዳን በዚሁ ስልክ፣ በዚሁ ቃል፣ «ትንሽ አሟታል» ነበር ያልኩት። የምሬን መስሎት «ነገ እመጣለሁ» አለ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጀናዛ አያድርም። ሲደርስ ተቀብራ አገኛት፤ አፈሩ ላይ ተደፍቶ ያለቀሰውን ለቅሶ ጎረቤቱ ሁሉ ያስታውሰዋል። ይሄን ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም። እኔ ያሰብኩት ፊርማውን ነው።

«ዛሬ መብረር አልችልም» አለኝ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ትናንት ሦስቴ ጠልቄያለሁ፣ ዛሬም ንጋት ላይ። ሰውነቴ ውስጥ ያለው አየር እስኪወጣ አንድ ቀን እዚሁ መቆየት አለብኝ። አዲስ አበባ ራሷ ተራራ ናት። ነገ በዚህ ሰዓት ልሳፈር፣ እባክሽ። አንድ ቀን ስጪኝ።»

ስለ አየሩ ከዚያ በፊትም ነግሮኛል። «አምቦ ውሃ በይው» ብሎኝ ነበር። «ቀስ አድርገሽ ስትከፍቺው ምንም አይልም፤ በአንዴ ስትከፍቺው ይገነፍላል። ጠልቆ የወጣ ሰው ወዲያው ከፍታ ላይ ከወጣ ደሙ እንደዚያ ነው።» ያን ጊዜ ስቄበታለሁ። አሁን ግን ሰበብ መስሎኝ በገንኩ።

«ነገማ ምን ያደርግልናል!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

እኔ ያልኩት በንዴት ነው። እሱ የሰማው ግን ቀብሩን ነው።

ፈረንሳዊው አለቃው «ዛሬ አትበርም» ብሎ ቦርሳውን ቀማው አሉ። ሀምዳን ቦርሳውን ትቶለት በአሥር ሰዓቱ አውሮፕላን ተሳፈረ። አየር ላይ እግሩን መርፌ መርፌ አለው፤ ከዚያ ከወገቡ በታች ይከብደው ጀመር። አስተናጋጇ «ደህና ነህ?» ስትለው «ደህና ነኝ» አላት። አውሮፕላኑን ከመለሱት አባቴን ያለ እኔ ይቀብሩታል ብሎ ነው።

ሰባተኛ ሰፈር፣ ቤታችን በር ላይ ከታክሲ ሲወርድ የመግሪብ አዛን እየተባለ ነበር። ድንኳን ፈለገ፤ የለም። ግድግዳውን እየተደገፈ መጥቶ በሩን መታ። የከፈተለት ማን መሰላችሁ? ሐጂ ባህረዲን ራሱ፣ አባታችን፣ ውዱእ አድርጎ ከፊቱ ውሃ እየተንጠባጠበ።

«እንዴ! ሀምዳን! ምነው ያለ ወሬ?»

ሀምዳን «አባባ» አለና እዚያው ደጃፉ ላይ ወደቀ።

ደስታ ነው አልን። ድንጋጤ ነው አልን። ጎረቤት ገባ፤ አንዱ ምች ነው ሲል ሌላዋ የባሕር ጂኒ ነው አለች። እሱ «ሆስፒታል ውሰዱኝ፣ ኦክስጅን» ይላል፣ እኛ «ተኛ፣ ደክሞህ ነው» እንላለን። እግሩን በጥቁር አዝሙድ ዘይት ስናሽ አደርን። ጠዋት ሆስፒታል ስንወስደው ሐኪሙ ከየት እንደመጣ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ለዚህ የሚሆን ማሽን እኛ ጋ የለም። ቢኖርም ትናንት ነበር» አለን። እግሩ በዚያው ቀረ።

ፊርማውስ ካላችሁ፣ ፈረመ። የሚያስፈርመው ሰው አልጋው ድረስ መጣ። «እዚህ ካለህ አይቀር እግረ መንገድህን ፈርም» አልኩት። ይሄን ቃል እንዴት ከአፌ እንዳወጣሁት አላህ ይወቅ። ሱቁ ተረፈ፤ እንኳን ደስ አለሽ በሉኝ።

ውሸቱ ግን በዚያ አላበቃም። በመጣበት ማታ «አባባ ምን ሆኖ ነበር?» ሲለኝ «ጠዋት ራሱን ስቶ ነበር፤ አንተ አየር ላይ እያለህ ነቃ» አልኩት። አባባ በዓይኑ ገደለኝ። ጓዳ አስገብቼ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት፤ ለልጁ ሲል እሺ አለኝ። ራስ ምታት እንኳ የማያውቅ ሰው ሦስት ቀን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲያስል ከረመ።

በአራተኛው ቀን ሀምዳን ጠራኝ። «አውሮፕላኑ ላይ ዱዓ አድርጌ ነበር» አለ። «ያ ረቢ፣ አባቴን በሕይወት አገናኘኝና የፈለግከውን ውሰድ አልኩ። ወሰደ። አባቴን ደግሞ ሰጠኝ። አልተበደልኩም፣ ሐጀራዬ። አታልቅሺ።»

ከዚያ ወዲህ እሱ አላለቀሰም። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሱቅ ውስጥ ኮረሪማ ይለቅማል። ለደንበኛው ስልኩን አውጥቶ ያን ነጠብጣባም ዓሣ ያሳያል፤ «ሁለት ሜትር ብቻ ነው የራቅኩት» እያለ ይስቃል። ሰው «ወይ ትዕግሥት፣ ወይ ኢማን» ይለዋል። እኔ ሳቁን ስሰማ ፊቴን ወደ ኬሻው አዞራለሁ፤ የቆመው በእኔ ውሸት ላይ ነዋ።

ዓመት ሊሞላው ሲል «ለአባባ ጤና ሰደቃ አወጣለሁ» አለ። «ተው፣ ምን ያስፈልጋል» አልኩት። «አባቴ ከሞት የተመለሰበት ቀን ዝም ተብሎ ይለፍ?» ብሎ ተቆጣኝ። በግ ራሱ አስመረጠ፤ ሰውም ራሱ ጠራ።

ከጎናችን በርበሬ የሚሸጡትን እትዬ በለጥሻቸውን ብቻ አማከርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። እጃቸው ላይ የነበረውን ማንኪያ አስቀመጡ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ንገሪው።»

«ከነገርኩት ምን ይቀረዋል፣ እትዬ? አሁን እኮ እግሩን በአባቱ የለወጠ ይመስለዋል።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ።»

«እኔ እንዳይነጋ ነው የምለምነው» አልኳቸው።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ተሰበሰበ። ተበላ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። «ሐጂ፣ አላህ ከዚያ ክፉ ሕመም አውጥቶ ለልጅዎ ያቆየዎት፣ አሁንም ዕድሜ ይስጥዎት» አሉ። ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። አባባ አላለም። እጁ ጭኑ ላይ ነው።

«አባባ፣ አሚን በል እንጂ» አለው ሀምዳን፣ ፈገግ ብሎ።

አባባ ቀና አለ። በዓይኔ ለመንኩት፤ አላየኝም።

«በውሸት ላይ አሚን አልልም» አለ። «ዓመት ሙሉ አፌን ይዣለሁ፤ አላህ ፊት ቆሜ መዋሸት ግን አልችልም። እኔ አንድም ቀን አልታመምኩም፣ ልጄ። ያን ሰኞ ጠዋት ገበያ ዞሬ ጫማ ገዝቻለሁ። እህትህ የፈለገችህ ለፊርማ ነው።»

ሰዉ አንድ በአንድ ተነስቶ ጫማውን እየፈለገ ወጣ። አባባም ተነስቶ ጓዳ ገባ፤ ሲያለቅስ ይሰማኛል። እኔ ሀምዳን ወንበር ሥር ተንበረከክሁ። «አፉ በለኝ» አልኩት። «ነገ ነገ እያልክ ስትሸሸኝ ቸገረኝ። ሱቁ ሊሄድ ነው ብዬ ነው። እንደዚህ ይሆናል ብዬ ወላሂ አላሰብኩም።» ጉልበቱን ይዣለሁ፤ መያዜን እንኳ አይሰማውም።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ፊርማው ሊዘጋ ስንት ቀን ቀርቶት ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «በማግስቱ ነበር የሚዘጋው» የሚለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ግን ዓይኑን አየሁት፤ አልቻልኩም።

«አምስት ቀን» አልኩት።

«እኔ የለመንኩሽ አንድ ነበር» አለ።