እስከ ዙሁር

የቅሬው፣ የመንደሩ ዕድር፣ ዳኛ አምባቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከኋላ የሚያወሩት ዝም እስኪሉ ጠበቁ። ከዚያ የጦርነት ማብቃት በሚያበሥር ድምፅ፣

«ክብሪት ጠፍቷል» አሉ።

የለቅሶው ድንኳን ሰው ሁሉ ቀና አለ።

«የቅሬያችን ክብሪት ነው። ከሻይ ምድጃው አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ያየ ወይም ያነሣ ይመልስ። በኪሱ ሌላ ያለውም ሰው ካለ በፈጣሪ ስም ይተባበር። ምድጃው ጠፍቷል፤ የወረኢሉ እንግዶች ደግሞ መንገድ ላይ ናቸው።»

ድንኳኑ በወንድ ጢም ብሏል። ግማሹ እንደሚያጨስ የመካነ ሰላም ከተማ ያውቃል። ሆኖም አንድም ክብሪት ያለው ሰው አልተገኘም። ሁሉም ጫማ ጫማውን አየ። አንዳንዱ እንደ ዋዛ እጁን ኪሱ ላይ አሳረፈ። በሟቹ ወንድም በሙሐሲን ፊት ክብሪት ከኪስ ማውጣት፣ መስጊድ ውስጥ ጠርሙስ ከማውጣት እምብዛም አይለይም ነበርና።

«ተዉት፣ ከቤቴ አመጣለሁ» ብላ ሻዩን የያዘችው ጎረቤት ፈንታዬ በዝናቡ ወጣች።

የሞተው አሕመድኑር ነው፤ የሙሐሲን ታናሽ። የገደለው፣ ቀብሩ ላይ በይፋ እንደተነገረው፣ ብርድ ነው። በሹክሹክታ እንደሚነገረው ሲጋራ ነው። ከሹክሹክታም ዝቅ ብሎ እንደሚነገረው ደግሞ ዋሾነቱ ነው። ይህን ሦስተኛውን ከተማው የሰማው ከሙሐሲን ነው።

ነገሩ የጀመረው እህታቸው ሀጀራ ጂዳ የምትሠራበት ቤት አባወራ ማጨስ ያቆመ ጊዜ ነው። ክንዱ ላይ የሚለጠፍ፣ ሱሱን የሚያስታግስ ፕላስተር ነበረው። ሀጀራ ወንድሞቿ ትዝ አሏት። ሁለቱም ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ እንደ ጭስ ማውጫ የሚያጨሱ ነበሩ። ወደ አገር ለሚመለስ ሰው አንድ ካርቶን ፕላስተር ሰጥታ ላከች።

ሙሐሲን ታላቅ ነውና ያባታቸውን መሬት እንዳካፈለ ሁሉ ካርቶኑንም አካፈለ። «ያንድ አባት፣ ያንድ እናት ልጆች ነን። ከአንድ ጡት ነው የጠባነው። እኩል» አለ። መመሪያው በዐረብኛ ስለነበር አንድ ሸህ አነበቡላቸው፤ ጧት ጧት ክንድ ላይ ይለጠፍ፣ ሲጋራ አይጨስ ይላል። ሁለቱም ቢስሚላህ ብለው በአንድ ጧት ለጠፉ።

ሙሐሲን ሲጋራን እንደ ጃንጥላ ረሳው። ሳምንታት ሳያልፉ ሱስ የሚባል ነገር ያልነበረበት ይመስል ጀመር። አሕመድኑር ግን ጧት ደኅና ይውልና፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ ላብ ላብ ይለው ነበር። የክብሪት እንጨት እያኘከ ይንጎራደዳል። ከዚያ ይጠፋል። ሲመለስ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል።

«ጋሼ፣ ጧት ስለጥፈው እንዳንተው ነኝ» አለው አንድ ቀን። «የቀትሩ ሶላት፣ ዙሁር ሲያዛን ያልቅብኛል።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው? ባትሪ ነው?»

ሙሐሲን በራሱ ቀልድ ሳቀ። ቀልዱ ከተማውን ዞሮ ወረኢሉ ደረሰ። አሕመድኑር ከዚያ ወዲህ «ባትሪው» ተባለ። ሲጠሩት አቤት ይል ነበር፤ ምን ያድርግ።

ዘመኑ የሞዴል ዘመን ነው። ሞዴል ገበሬ ነበር፣ ሞዴል ቤተሰብ ነበር፣ ሞዴል መጸዳጃ ቤትም ነበር። የማጨስ ማቆም ሞዴል ጎድሎ ኖሮ ቀበሌው ሙሐሲንን አገኘ። «ተሞክሮው ይስፋ» ተባለ። ሙሐሲንም በየስብሰባው እየተነሣ፣ «ፕላስተሩማ ወረቀት ነው! እኔ ያቆምኩት በኒያዬ፣ በቁርጥ ሐሳቤ ነው። ኒያ ያለው ሰው ያቆማል፣ የሌለው ያሳብባል» ይል ነበር። ሰዉ ያጨበጭባል። ካጨበጨበ በኋላ የሚያጨሰው ከአዳራሹ ጀርባ ሄዶ እያጨሰ በተሞክሮው ላይ ይወያያል።

አሕመድኑር አንድም ቀን አልተወያየም። ብቻውን ነበር የሚያጨሰው። ሀጀራም ሰው ባገኘች ቁጥር ፕላስተር ትልክለት ነበር። ከዚያ አንድ ነጋዴ አጅባር ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ፕላስተር ወገቡ ላይ የለጠፈ ሰው አየሁ ብሎ መጣ። ሙሐሲን ነገሩ ሁሉ ተገለጠለት። ወንድሙ ፕላስተሩን ለወገብ በሽተኛ እየሸጠ ነው።

«ይለጥፋል፤ በዓይኔ አያለሁ» አለች የአሕመድኑር ሚስት ጠይባ።

«የተጣለውንስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ጠይባ ዶሮዋ ትዝ አለቻት። አንድ ቀን ባሏ ያገለገለውን ፕላስተር ጓሮ ጥሎት ዶሮዋ ለቅማው ሞታለች። ስትጮህበት፣ ዳግመኛ ዶሮ የማይደርስበት ቦታ ነው የማደርገው ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ የት እንደሚያደርገው አላየችም። ሌላ ሰው ሁለት ልብ ሆኖ የሚናገረውን፣ ሙሐሲን በአንድ ልብ ስልክ ደውሎ ለሀጀራ ነገራት። «ልፋትሽን አታቃጥዪ። እየሸጠው ነው።» ሀጀራ መላኩን አቆመች።

አሕመድኑር ደሴ ሄዶ ሳንባው ታይቶ ሲመለስ ቁመቱ ብቻ ነበር የቀረው። ሙሐሲን ሊጠይቀው ገባ።

«ጋሼ፣ አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ» አለ በሽተኛው።

የታመመ ሰው አፉ በለኝ ሲል አፉ ብየሃለሁ ይባላል። ሌላ መልስ በዚህ አገር የለም። ሙሐሲን ግን ሞዴል ነበር።

«መጀመሪያ እውነቱን ተናገር» አለው።

«ተናግሬያለሁ።»

ከዚያ በኋላ አልተገናኙም።

ይኸው ዛሬ የለቅሶው ማብቂያ ነው። ዱዓ ተደርጎ፣ ዳኛው በሕዝብ ፊት ለሟቹ አፉታ ጠይቀው ድንኳኑ ይፈርሳል። ጠይባ በጧት ሙሐሲንን ከለቅሶው ቤት በር ላይ ይዛዋለች።

«ጋሼ ሙሐሲን፣ ሌላ ነገር አልለምንዎትም። ዳኛው አፉ በሉ ሲሉ ሰው ሁሉ ይላል። እርስዎ ግን ወንድሜ አልዋሸም ይበሉልኝ። ልጆቼ የባትሪው ልጆች፣ የዋሾው ልጆች ተብለው እንዳያድጉ።»

ሙሐሲን ኮፍያውን አስተካከለ። «አፉ ማለቱ ቀላል ነው ጠይባ። አልዋሸም ብል ግን፣ ያን ሁሉ ዓመት ስናገር የኖርኩት ምን ሊሆን ነው?»

ጠይባ ወደ ሴቶቹ ተመለሰች።

ፈንታዬ ክብሪት ይዛ ስትመጣ ልጇንም አስከትላ መጣች። ሚሊዮን ይባላል፤ ጎንደር ሕክምና ይማራል። ሌሊቱን በመኪና አድሮ ለለቅሶ የመጣ ነው። አላህ ያጥናችሁ ብሎ ከሙሐሲን ጎን ተቀመጠ። ክብሪቱ ዝናብ ነክቶት ኖሮ አልጫር አለ። ፈንታዬ እየተራገመች ምድጃው ላይ ጎነበሰች። ሻይ የሌለበት ለቅሶ ወሬ ይበዛዋል። የደጎሎው የአይሱዙ ሹፌር ጋሹ ነበር የጀመረው።

«ጀሊሉ ይማረውና፣ ቀልደኛ ነበር። ፕላስተሩ እስከ ዙሁር ነው የሚቆይልኝ ይል ነበርኮ!»

አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ።

«እውነቱን ሊሆን ይችላል» አለ ሚሊዮን።

ሙሐሲን ቀስ ብሎ ዞረ። «ምን አልክ አንተ ልጅ?»

ሚሊዮን በተማሪ ቤት ድምፅ ጀመረ፤ ከዚያ ሰዉ ሲያፈጥበት ወደ አገሩ ድምፅ ተመለሰ። «ሱስ የሚያሲዘው ኒኮቲን የሚባል ነገር ነው። ፕላስተሩም የሚሰጠው እሱኑ ነው፤ ያለ ጭሱ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ገብቶም አይቀርም፤ ጉበት እያቃጠለ ይጨርሰዋል። ያንዳንዱ ሰው ጉበት ዝግ ብሎ ነው የሚያቃጥለው። እንዲህ ያለው ሰው በፕላስተር ጥሩ ያቆማል። ያንዳንዱ ደግሞ ቶሎ ይጨርሰውና ደሙ ውስጥ የሚበቃው አይቀርለትም። ለሱ ብዙ ጊዜ የሚዋጠው ዓይነት መድኃኒት ይሻለዋል። ከእናት ካባት የሚወረስ ነገር ነው።»

«እኮ!» አሉ አምባቸው፣ ችሎት የረቱ ያህል። «እነዚህ ያንድ እናት ያንድ አባት ልጆች ናቸው።»

«ወንድማማቾችም እኩል አይወርሱም፣ አባባ። ጋሼ ሙሐሲን መላጣ ናቸው። አሕመድኑር ጸጉሩ እንዳለ ነው የተቀበረው።»

ድንኳኑ በሙሉ የሙሐሲንን ኮፍያ አየ። ከዚያ በሙሉ ዓይኑን አነሣ።

«እውነቱን ነው መሰለኝ» አለ ጋሹ። «እኔና ወንድሜ አንድ እስር ጫት ለሁለት ስንቅም፣ እኔ ጣራ ስቆጥር አድራለሁ። እሱ እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል። የናታችን ልጅ እኮ ነው!»

«እናንተ ደግሞ መቼ ነው የምትቅሙት?» አለው አንዱ።

«ለምሳሌ ነው ያልኩት።»

ሙሐሲን ግን ወደ ሚሊዮን እንደዞረ ነው። «ስለዚህ ኒያ የሚባል ነገር የለም በለኛ።»

«አለ እንጂ። እርስዎ ኒያም ነበረዎት፣ ጉበትም ነበረዎት። እሱ ምናልባት ኒያ ብቻ ነበረው።»

«በምን ይታወቃል?»

«ውጭ አገር በደም ይለዩታል። እዚህ ሲሠራ አላየሁም።»

«ታዲያ እዚህ በምን ይታወቃል ነው የምልህ?»

ሚሊዮን ትንሽ አሰበ። «ሰውየው ዙሁር ላይ አለቀብኝ ሲል በመስማት ነዋ።»

ሙሐሲን መቁጠሪያውን አንድ ዙር አዞረ። ድምፁ ሲወጣ የስብሰባ ድምፁ ነበር። «ይህ ሁሉ ለጥፎት ከነበረ ነው። ሸጦት ከነበረስ?»

ከቤቱ በር ላይ ጠይባ ቆማ ሰምታለች።

የወረኢሉ ዘመዶች የመጡት ይኼኔ ነው። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሴት፣ ከእግር እስከ ራስ ጭቃ ሆነው እያለቀሱ ገቡ። ቤቱ ውስጥ መቀመጫ ጠፋ። አምባቸው በዳኝነታቸው ተነሥተው፣ «ቁምሳጥኑ ይውጣ!» ብለው አዘዙ።

ቁምሳጥኑ ሀጀራ በላከችው ብር ተገዝቶ ከደሴ የመጣ ነው፤ ክብደቱ የግመል ነው። ከተተከለ ወዲህ ከግድግዳው ተላቆ አያውቅም። ጋሹና ሚሊዮን ባንድ ወገን፣ ሙሐሲንና ሌላ ጎረቤት በሌላው ወገን ያዙ። በሩ ስለጠበባቸው በጎኑ አዙረው፣ እያዘነበሉ አወጡትና ድንኳኑ መካከል አቆሙት። ሲያቆሙት ጀርባው ወደ ለቀስተኛው ነበር።

አምባቸው አዙሩት ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ሳይሉ ቀሩ።

የቁምሳጥኑ ጀርባ፣ አንድ ሰው ከጎን እጁን ሰድዶ እስከሚደርስበት ድረስ፣ ከላይ እስከ ታች በፕላስተር ተለብጧል። አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቧል። የታችኞቹ ጠቁረዋል፣ አቧራ ጠጥተዋል፤ የላይኞቹ ገና የገላ ቀለም አላቸው። ጫፋቸው በተገለበጠው ላይ አጫጭር ጥቁር የክንድ ጸጉር ተጣብቆ ይታያል።

«አይጥ መስሎኝ ነበር» አለች ጠይባ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ጧት ጧት እጁን ከኋላ ሰድዶ ሲመታ፣ አይጥ የሚያባርር ነበር የሚመስለኝ።»

ዶሮ የማይደርስበት ቦታ ይኸው ነበር።

የወረኢሉ ሴቶች እንኳ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ልቅሷቸውን ዝግ አደረጉ። አምባቸው ዳኛ ናቸውና አንድ ነገር ማለት ነበረባቸው።

«እንግዲህ...» አሉ። «ድንኳኑ ሳይፈርስ... ለወንድማችን ለአሕመድኑር አፉታ...»

መሐረብ ሊያወጡ እጃቸውን ከካፖርታቸው ኪስ ሰደዱ። መሐረቡ ሲወጣ አብሮት አንድ ነገር ወጥቶ ወደቀ፣ ሲወድቅም ተንኮሻኮሸ። የቅሬው ክብሪት ነበር። ማኅተሙ ላዩ ላይ አለ። ከተከፈተው ጎኑም አንድ የተቆረሰ ሲጋራ ብቅ ብሏል።

የሳቀ የለም። ፈንታዬ ጎንበስ ብላ ክብሪቱን አነሣችና፣ ሲጋራውን አውጥታ በዳኛው መዳፍ ላይ አስቀምጣ፣ ምድጃውን ልታቀጣጥል ሄደች። ከኋላ ወንበር ላይ ከነበሩት አንዱ እጁን ከኪሱ ላይ አነሣ። ቀጥሎ ያለውም አነሣ።

«ሙሐሲን» አሉ አምባቸው፣ አሁን ያለ ሥነ ሥርዓት። «አንተ ነህ የምትጀምረው። አፉ ብየዋለሁ በል።»

ጠይባ ከበሩ ላይ አየችው።

ሙሐሲን ወደ ቁምሳጥኑ ጠጋ አለና ከላይኞቹ አንዱን በጥፍሩ ጫፉን ፈልፍሎ፣ እንዳይቀደድ ቀስ እያለ አላቀቀው። የግራ እጅጌውን እስከ ትከሻው ጠቀለለ። ያኔ እሱ ይለጥፍበት ከነበረው ቦታ ላይ ለጠፈው።

ወደቀ። ሙጫው ካለቀ ቆይቷል።

ጎንበስ ብሎ ከጭቃው ላይ አነሣው፣ በቀሚሱ ጠረገው፣ እዚያው ቦታ ላይ መልሶ በቀኝ መዳፉ ያዘው።

ከመስጊዱ ዙሁር አዛነ። ወንዶቹ አንድ በአንድ ለውዱእ፣ ለሶላቱ ትጥበት ተነሡ። ሙሐሲን እጁን ከክንዱ ላይ አላነሣም።