የንጋቷ ቀኝ እጅ

«ተናገር እንጂ! ሐኪሙ ብብቷንም ልክፈተው ሲል አይሆንም ያልከው አንተ አይደለህም?»

ቲቶ ይህን የጮኸው ዝማሬው አልቆ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት ስለነበር ድንኳኑ ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። የሚዛን ከተማ ዝናብ ሸራውን ይደበድባል። ጴጥሮስ ፍራሹ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀምጧል። ሚስቱን ንጋቷን የቀበረው ትናንት ነው። ቀና ብሎ የሚስቱን ታላቅ ወንድም ቲቶን አየውና መልሶ አቀረቀረ።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሽማግሌዎቹ ቲቶን ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። ከኋላ ሴቶቹ ተንሾካሾኩ።

«ሥራዋን እንዳታቆም ብሎ ነው አሉ።»

«ጨካኝ! ፊቱን ስታዪው ግን ደህና ሰው ይመስላል።»

ጴጥሮስ ሁሉንም ሰማ።

ንጋቷ ሹሩባ ሠሪ ነበረች። ከገበያው ወረድ ብላ ወዳለችው ጠባብ ቤቷ ከማጂ ሳይቀር ሙሽሮች ይመጡላት ነበር። ስትሠራ ታወራለች፣ በራሷ ወሬ ትስቃለች፣ ጣቶቿ ግን አንድም ጊዜ አይሳሳቱም። እናትና አባታቸው ሲሞቱ ያሳደጋት ቲቶ ነው። ትምህርቱ አልሆነላትም። «እኔን ያስከበረኝ ይሄ ነው» ትል ነበር ቀኝ እጇን እያሳየች።

ቀኝ ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት የአተር ፍሬ ያህል ነበር። ጴጥሮስ ቀን ሳያሳልፍ ጅማ ወሰዳት፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ልጃቸው ሐሴትም አብራቸው ሄደች። የመረመራት ሐኪም የማይቸኩል ሰው ነበር።

«በጊዜ መጥታችኋል» አላቸው። «እብጠቱን አወጣዋለሁ። የሚያሳስበኝ ብብትሽ ነው። ይህ በሽታ ከጡት ሲነሳ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ብብት ውስጥ ያሉት ዕጢዎች ላይ ነው። ስዳስሳቸው ምንም የለም፤ አልትራሳውንዱም ደህና ነው ይላል። ግን ተደብቆ የማይታይ ይኖራል።»

«ታዲያ እንዴት ይታወቃል?» አለ ጴጥሮስ።

«ሌላ አገር መጀመሪያ ያሉትን ጥቂት ዕጢዎች ብቻ አውጥተው ይመረምራሉ። እኛ ጋ መሣሪያው የለም። ወይ አብዛኛውን አወጣለሁ፣ ወይ ትቼው በየጊዜው እየመጣሽ አይሻለሁ። እኔስ ባወጣው ይሻላል እላለሁ።»

«ሲወጣስ እጄ ምን ይሆናል?»

«ሊያብጥ ይችላል። ከአምስት ሴት አንዷን ገደማ ያጋጥማታል። ካበጠ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ላይድን ይችላል።»

ንጋቷ ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው። «ተወው» አለች። «ጡቴን ውሰድ። ብብቴን አትንካብኝ።»

ጴጥሮስ ኮሪደሩ ላይ ለመናት። «ከማያብጥባቸው ከአራቱ አንዷ ብትሆኚስ? ብታብጥስ እኔ አለሁልሽ አይደል?» እሷ ግን አለቀሰች እንጂ ከሐሳቧ አልተመለሰችም።

እብጠቱ ወጥቶላት ሲመለሱ፣ አውቶቡሱ ቦንጋን እንዳለፈ፣ ሐሴት ከጎናቸው ተቀምጣ ሳለ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «ቲቶ ከጠየቀህ በራስህ አሳብበህ ‹አልፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ› በለው። እኔን ጎትቶ ይመልሰኛል፤ አንተን ግን አይደፍርህም።» ጴጥሮስ እሺ አላት።

በዓመቱ ማበጠሪያ ልታነሳ ስትል ብብቷን ቆረቆራት። ንፍፊት ነበር። ድካም ነው ብላ ጥቂት ቆየች። ጅማ ሲደርሱ ዕጢዎቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ነበር። ሐኪሙ የቻለውን ያህል አወጣ፤ ለጨረር ሕክምና ወደ አዲስ አበባ ላካት። ወረፋው ሳይደርሳት በሽታው ሳንባዋ ገብቶ ሳል ጀመራት። ያ የሳሳችለት እጅ ከበሽታው የተነሳ አበጠ። ጣቶቿ አልታጠፍ አሉ፤ ልጇ ፀጉሯን ስታበጥርላት ግድግዳውን እያየች ታለቅስ ነበር።

ቲቶ በጮኸ ማግሥት ዝናቡ ሲያባራ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ምሕረት ለቅሶ ደረሰች። ጴጥሮስ አጠገቡ እንድትቀመጥ ለመናት።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያኔ ቢወጣላት ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

ምሕረት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። «አላውቅም። ያኔውኑ ወደ ሌላ ቦታ አልፎ ከነበረ አያድናትም ነበር። ካላለፈ ደግሞ...»

«ካላለፈ?»

«አላውቅም፣ ጋሽ ጴጥሮስ። ሐኪሙም አያውቀውም።»

«አንዱን በይኝ!» ጮኸ። «ትሞት ነበር በይኝ፤ ወይም ገደልካት በይኝ! አንዱን!»

ቲቶ ከማዶ ተነሳ። «እውነቱ ቆጠቆጠህ?» አለው።

ያን ጊዜ ሐሴት የውሃውን ጆግ አስቀምጣ መሃላቸው ገባች። ፊቷ በለቅሶ አብጧል።

«አጎቴ፣ አባዬ አይደለም። እማዬ ናት እምቢ ያለችው። አባዬ መሬት ላይ ተንበርክኮ ለምኗታል፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። እንዳትነግርብኝ ስላለችው ነው።»

እህቱን ያሳደገባቸው የቲቶ ትልልቅ እጆች ተንጠልጥለው ቀሩ። ቀስ ብሎ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ እንደ ትናንቱ አልነበረም።

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም? ተሸክሜም ቢሆን እመልሳት ነበር።»

ጴጥሮስ እስከዚያ ሰዓት ድረስ የታገሠው ሁሉ ንጋቷ ካለችበት ጉድጓድ አጠገብ የጣለው መሰለው። ይህን ጥያቄ ራሱን ሳይጠይቅ ያደረበት ሌሊት አልነበረም፤ ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማው ግን መሸሻ አጣ።

ጎረቤቶች ቆጮና ጎመን ይዘው ገቡ። ከቀብሩ ጀምሮ ጴጥሮስ እህል አልቀመሰም። «እባክህ» አሉት ሽማግሌዎቹ፤ ራሱን ነቀነቀ። ቲቶ እጁን ታጠበ። ከቆጮው ቆረሰ፣ ጎመኑን ጠቀለለበትና ወደ ጴጥሮስ አፍ ዘረጋው። ጴጥሮስ አየውና ጎረሰለት።

አላመጠውም፣ አልዋጠውም። ጉንጩ ውስጥ እንደያዘው እንባው ወረደ፤ ቲቶም የዘረጋውን እጁን ሳያጥፍ እስኪውጥ ጠበቀው።