ጨው የጠገበ ግቢ

ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አካባቢ ሰብስቤን የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የበግና የፍየል ቆዳ እየገዛ፣ እግቢው ውስጥ ጨው እየነሰነሰ፣ ሲደርቅ ለፋብሪካ የሚያስረክብ ነጋዴ ነበር። ቆዳ ገዢ አጥቶ ሥራው ከቆመ አራት ዓመት አለፈው። ሽታው ለቅቋል፤ መሬቱ ግን ዛሬም ራቁቱን ነው።

ሚስቱ የኔነሽ እዚያ ግቢ ያልተከለችው ነገር የለም። በየክረምቱ ጽጌረዳ ትላለች፣ ጤና አዳም ትላለች፣ ጌሾ ትላለች፤ ሁሉም ወር ሳይሞላው ጫፉ ያርርና ይደርቃል። በመጀመሪያው ክረምት ሰብስቤ ሰው አለማየቱን አረጋግጦ አፈሩን በጣቱ ቀመሰው። ጨው ነው። ቢነግራት ቆዳህን ከቤቴ አውጣልኝ ማለቷ አይቀርም፤ ሌላ ቦታ ደግሞ የለውም። ስለዚህ እየሳቀ፣ «እጅሽ አይሆንም እኮ!» አላት።

ቀልዱ ሰፈሩን ዞረ። ጎረቤቷ ዋጋነሽ ችግኝ ስትተክል የኔነሽን ገለል ታደርጋት ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ዛፍ ሲተክሉ እሷ ውኃ ማጠጫ ይዛ ዳር ትቆማለች። ሁለት ጊዜ አስወርዷት ልጅ ሳታቅፍ የቀረች ጊዜማ፣ «እጄ ነው፤ እኔ የያዝኩት ምን ይበረክታል?» ብላ ስታለቅስ ሰብስቤ ከጓዳ ሆኖ ሰማት። ሰምቶ ዝም አለ። ፈሪነት እንጂ ሌላ ስም የለውም።

ዘንድሮ ደም ግፊቷ ጠናባት፤ ልቧም ደከመ። ሐኪሙ ጨው የሚባል ነገር እንዳትቀምስ አዘዘ። ሰብስቤ ፈራ። በገዛ ግቢዋ አንድ ለምለም ነገር ሳታይ ብትሄድስ? ድሮ ከአፋር ጨው ያመጣለት የነበረውን ሾፌር ገሜዳን ደውሎ ለመነው። ገሜዳም ከጨው ሐይቁ ዳር የነቀለውን ቅጠለ ወፍራም፣ አመድማ ቁጥቋጦ ከነአፈሩ በጆንያ ይዞለት መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ እንኳን ጨው አይፈራም» አለው።

እውነትም አልፈራም። በሁለተኛው ወር ግራና ቀኝ ተንሰራፋ። ያን ጊዜ ሰብስቤ ሚስቱን ደግፎ ወደ ደጅ አወጣት። የኔነሽ ተክሉን ስታይ ዕንባዋ መጣ፤ እንደ ልማዷ አንድ ቅጠል ቀንጥሳ አፏ ውስጥ ከተተች። ስንት ወር ሙሉ አልጫ ስትበላ ለከረመች ሴት ጣዕሙ አይሰወርም።

«ጨው ነው» አለች። ጎንበስ ብላ አፈሩንም በጣቷ ቀመሰች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«ታውቅ ነበር?»

ሰብስቤ ውሸት ፈልጎ አጣ። «አውቅ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ክረምት።»

«እነዚያ ልጆች ሲወርዱብኝስ? እጄ ነው ብዬ ሳለቅስ ሰምተኸኝ ነበር?»

«ሰምቼሽ ነበር።»

አልጮኸችም። ብትሰድበው በወደደ። ከቁጥቋጦው አንድ ቅርንጫፍ ሰበረች፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተንበረከከችና መሬቱን በጣቶቿ መቆፈር ጀመረች። ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰምቶ ሊያግዛት እጁን ሰደደ።

«ተው» አለችው፤ «ያንተ እጅ አይሆንም።»

አልሳቀችም። ሰብስቤ ውኃ ማጠጫውን አንስቶ ዳር ቆመ።