ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?

«ስምሽ ማን ነው?»

«ሩት አስፋው።»

«ዕድሜሽ?»

«አሥራ አምስት።»

«የት ነው የምትኖሪው?»

«መርሳ።»

«ከማን ጋር?»

«ከእማዬና ከአባዬ ጋር።»

አስፋው ጎማ የሚያላቅቅበትን ብረት መሬት ላይ አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ጠረገ። እዚህ ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይኸው ነው።

«ከአባዬ ጋር በይ፣ ሩትዬ። ከአባዬ ጋር ብቻ።»

«ከአባዬ ጋር ብቻ» አለች ልጅቱ። ደስ ይለው እንደሆነ ለማየት ቀና ብላ አየችው። ደስ ያለው ለመምሰል ሞከረ።

አስፋው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጎማ ይጠግናል። ስለ ጎማ ከሆነ ከማንም ሾፌር ጋር ሲከራከር ይውላል፤ ትምህርት ቤት ሲባል ግን ምላሱ ይተሳሰራል። የልጅቱን የትምህርት ነገር የያዘችው ሚስቱ ሙሉወርቅ ነበረች። ሩት የሚነግሯትን የምትቀበለው ቀስ ብላ ስለሆነ የምትማረው በልዩ ፍላጎት ክፍል ነው። በየዓመቱ ኮሚቴ ይሰበሰብና እዚያው ትቆይ ወይስ ወደ መደበኛው ክፍል ትዛወር የሚለውን ይወስናል። የሙሉወርቅ ምኞት ልጇን ከእኩዮቿ መሃል ተቀምጣ ማየት ነበር። ኮሚቴው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እሷም በየዓመቱ መልሳቸውን ታስጠናት ነበር። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መርሳ በተያዘችባቸው ወራት የስኳር መድኃኒቷ ከየትም ጠፋ፤ ኅዳር ላይ ሙሉወርቅ ሞተች። ለቅሶ የደረሰው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ የቀረው ወይ ሸሽቷል፣ ወይ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል።

ተዘርፎ የከረመው ትምህርት ቤት ሲከፈት የተማሪዎቹ ሰነድ ስለተቃጠለ ኮሚቴው ሁሉንም ልጅ እንደ አዲስ ሊያይ ሆነ። አስፋውም የሟቿን ምኞት እኔ ካላደረስኩት ማን ያደርሰዋል ብሎ ማስጠናቱን ተያያዘው። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረው። ሙሉወርቅ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። ይህ ጥያቄና መልስ ባይኖር አባትና ልጅ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ይተኙ ነበር።

በስብሰባው ጠዋት ጎረቤታቸው እትዬ ፋንቱ የሩትን ፀጉር ሊሠሩ መጡ።

«ስማ፣ ብዙ አትናገር» አሉት እየጎነጎኑ። «እንዴት ናት ሲሉህ ደህና ናት በል። ገመናህን ለባዕድ አትዘርግፍ።»

«እሱንማ አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ሌሊት እየጮኸች መነሳቷን እንዳታነሳ። ከባድ መኪና ሲያልፍ አልጋ ሥር መግባቷንም እንደዚሁ።»

«አላነሳም።»

«እያት እስቲ፣ ስታምር! ምነው እናቷ ባየቻት።»

ሩት «እማዬ?» ብላ ወደ በሩ ዞረች። እትዬ ፋንቱ ሚዶውን ጥለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ።

የርእሰ መምህሩ ቢሮ መስታወት ስለረገፈ መስኮቱ በላስቲክ ተሸፍኗል። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ወላጆች ባልና ሚስት ሆነው እየተመካከሩ ነበር፤ አስፋው ብቻውን ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ። ተጠርቶ ሩትን ይዞ ሲገባ ርእሰ መምህሩ አቶ ገበየሁና የሩት አስተማሪ ሰላማዊት ከዕድር በተዋሱት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

አቶ ገበየሁ ያንኑ ጥያቄ በዚያው ተራ ጠየቁ። ሩት ስሟን ተናገረች፣ ዕድሜዋን ተናገረች፣ መርሳ አለች።

«ከማን ጋር?»

«ከአባዬ ጋር ብቻ።»

ትንሽ እንኳ አልተሰናከለችም። አስፋው ለዚህች መልስ ስንት ማታ ለፍቷል፤ አሁን ሲሰማት ግን እናቷን ከአፏ የነጠቃት ያህል ተሰማው።

«ድንቅ ነው!» አሉ አቶ ገበየሁ። «የእናቷ ድካም ከንቱ አልቀረም። መደበኛ ክፍል ትግባ። ተማሪው ተፋፍጎ ነው ያለው፣ ቢሆንም ትለምደዋለች።»

ሰላማዊት ፊቷ አልተፈታም። «ጋሽ አስፋው፣ ቤትስ እንዴት ናት? ብቻዋን ሱቅ ትሄዳለች?»

«ደህና ናት» አለ፤ ሳያስበው አመለጠው።

አቶ ገበየሁ ሊፈርሙ እስክሪብቶ አነሱ። ሩት የአባቷን ፊት እያየች ትጠብቃለች። አስፋው በዚያ በተፋፈገ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታየችው። እዚያ በተራ የሚጠይቃት ማን አለ? ሲጨንቃትስ የማንን ፊት ታያለች? ሙሉወርቅ ትቀየመኛለች ብሎ ፈራ፤ ቢሆንም ተነሳ።

«ጌታዬ፣ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ። አስጠንቻት ነው። ተራውን ነው የያዘችው። እስቲ ከመጨረሻው ይጀምሩላት።»

አቶ ገበየሁ ግራ እየገባቸው ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?»

«ሩት አስፋው» አለች ኮራ ብላ።

ማንም አልሳቀም። አስፋው ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«አሁን» አለ ወደ ሰላማዊት እያየ፣ «ሌሊት የምትሆነውን ልንገርሽ።»