ለአንድ ነገር የተረፈ

ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን በሚያስመርቅበት ቀን አንድ እንግዳ ይጋብዛል። ስድስት ዓመት በተከታታይ የተጋበዘው ያው አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። የሚሰጠውም ርዕስ ያው ነው፤ «ሰው ለምን ይኖራል?» የተማሩ ሰዎች መጽሐፍ ጽፈው የማይጨርሱትን ጥያቄ እሱ በሩብ ሰዓት ጨርሶት ይወርዳል፤ መልሱ ገና በልጅነቱ ተነግሮታልና።

«የስምንት ወር ሕፃን ሳለሁ ቤታችን ተቃጠለ» ብሎ ይጀምራል። እናቱ ብርድ ልብስ ውሃ ውስጥ ነክራ እንደጠቀለለችው፣ በመስኮት ለሰው እጅ እንደወረወረችው፣ ዞር ከማለቷ ጣሪያው እንደወረደባት ይተርካል። ከዚያ የሸሚዙን ኮሌታ ከፍቶ ግራ ትከሻው ላይ ያለውን ጠባሳ ያሳያል። «እናቴ የሞተችው እኔ እንድኖር ነው። እኔም የተረፍኩት ለአንድ ነገር ነው። እናንተም ለአንድ ነገር ነው የተፈጠራችሁት፤ ፈልጉት።» አዳራሹ ያጨበጭባል።

የሥራ ጓደኞቹ «የእሳት ልጅ» ነው የሚሉት። «እሳት አመድ ይወልዳል የሚባለው ለሌላው ነው፤ ይኼኛው እሳት ወንድ ወልዷል» እያሉ ይቀልዱበታል። በሃያ አንድ ዓመት አገልግሎቱ ሠላሳ አራት ሰው ከእሳት አውጥቷል። ሌላው በር ላይ ቆሞ ሲያመነታ እሱ ገብቶ ያልፋል። ደፋር ሆኖ አይደለም፤ እሳቱ እሱን ለመንካት ፈቃድ ያለው አይመስለውም ነበር።

ታሪኩን የነገረችው ያሳደገችው የእናቱ ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከአንድ ቁልፍና ክር መሸጫ ሱቅ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ትኖራለች። አላገባችም። «እቴቴ» ነው የሚላት። ፈተና ወድቆ ሲመጣ፣ ከልጆች ተጣልቶ ሲገባ፣ በንዳድ ተኝቶ ሲቃዥ፣ ራስጌው ተቀምጣ «አንተ እንደ ሌላው ልጅ አይደለህም፤ ለአንድ ነገር ነው የተረፍከው» ትለዋለች። ይህን ከእህል ጋር እየበላ አደገ። በሃያ ዓመቱ እሳት አደጋ ሲቀጠር ማንም አልተገረመም። እጮኛው የነበረችው የፀጉር ሠራተኛ ግን አራት ዓመት ጠብቃው ሄደች። ስትሄድ የነገረችው ነገር ለዓመታት አልገባውም ነበር፤ «እኔ ከሞተች ሴት ጋር መፎካከር አልችልም» ነበር ያለችው።

በሰባተኛው ዓመትም እንደ ልማዱ ተናግሮ ሲወርድ ሁሉም እያጨበጨበ ከኋላ ረድፍ አንዲት ሴት እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች አያት። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ የማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆማ ጠበቀችው። ፋርማሲስት እንደሆነች ነገረችው። አንድ ነገር ልትነግረው እንደመጣች፣ አሁን ግን መድረኩ ላይ የተናገረውን ሰምታ ግራ እንደገባት ተናገረች። ሊያድነው ያልቻለው የአንድ ሰው ቤተሰብ መሰለችው፤ እንዲህ ዓይነቶች አልፎ አልፎ ይመጣሉ። ሊያጽናናት ቃል ሲፈልግ ከቦርሳዋ ፎቶግራፍ አውጥታ ሰጠችው።

አልጋ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ናቸው። ግንባራቸው የእሱ ግንባር ነው። ጆሮአቸውም የእሱ ጆሮ ነው።

«እናቴ ናት» አለች። «ካረፈች ሦስት ወሯ ነው። ልትሞት ስትል ልጅ አለኝ፣ ከእህቴ ጋር ትቼው የሄድኩት አለችኝ። ስምዎንም ሥራዎንም ነገረችኝ። ጠባሳውንም ነገረችኝ፤ የፈላ ውሃ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ድስት ስታወርድ የተደፋ።»

«እናቴ የሞተችው እሳት ውስጥ ነው» አለ።

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። «የሞተችው ከዚህ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ በሚያስኬድ ሰፈር ነው» አለች ዝግ ብላ። «በስኳር በሽታ።»

ከዚያ ሌላም ነገር ነገረችው፤ እናቱ ልትወስደው ተመልሳ መጥታ እንደነበር።

አውቶቡስ አልያዘም። በእግሩ እስከ አክስቱ ቤት ሄደ። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ትዘመዝማለች። ፎቶግራፉን መርፌው አጠገብ አኖረላት። መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ መልሳ አደረገችው።

«እንዴት አርጅታለች» አለች።

ይህን እስክትል ድረስ ልቡ ውስጥ አንድ ቀጭን ተስፋ ነበረች፤ ሴትዮዋ ሰው ተሳስታ ሊሆን ይችላል የምትል። እዚያው ላይ ተበጠሰች።

ማምለጫ አልፈለገችም፤ የጠየቃትን ሁሉ መለሰች። እህቷ አንድ ጠዋት ሕፃኑን አልጋዋ ላይ አስተኝታ ለሁለት ሳምንት ነው ብላ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ሄደች። ሁለቱ ሳምንት ዓመታት ሆኑ። ልጁ አራት ዓመት ሲሞላው ከጨዋታ እያለቀሰ ገባ፤ የጎረቤት ልጆች እናትህ ጥላህ ሄደች ብለውታል። ያን ዕለት ነው ታሪኩን የነገረችው።

«እሳቱን ከየት አመጣሽው?»

«ታች መንደር አንድ ቤት ተቃጥሎ ነበር፤ ከዚያ ወሰድኩት።»

«ብርድ ልብሱስ?»

«ብርድ ልብሱን እኔ ጨመርኩበት» አለች።

ቁጭ አለ። እድሜውን ሙሉ እሳት ውስጥ በገባ ቁጥር ያ እርጥብ ብርድ ልብስ ጀርባው ላይ ያለ ይመስለው ነበር። ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለእሷም ቢሆን።

«ተመልሳ መጥታ ነበር ወይ?» አለ በመጨረሻ።

ዩኒፎርሙን አጣጥፋ አስቀመጠች። «ሁለት ጊዜ። ሰባት ዓመትህ ነበር። በር ላይ አቁሜ መለስኳት። ሞታለች ብዬዋለሁ፤ አሁን ከሞት ብትነሺ ልጁ ያብዳል አልኳት።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

«ውስጥ። የቤት ሥራህን እየሠራህ።»

ከታች ከሱቁ የሰው ሳቅ ይሰማል። ለእኔ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ ብሎ ጠየቃት። ያኔ ለአንተ መስሎኝ ነበር አለችው፤ አሁን እንዴት እንደሚመስላት ግን አልተናገረችም። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው።

«ሠላሳ አራት ሰው አውጥተሃል። እነሱም ውሸት ናቸው?»

«እነሱን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አላት። «አንቺ የሰፋሽው ሰው ነው።»

ወጥቶ ሄደ።

የከዳው አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ቁጣው መድረሻ ባገኘ ነበር። ግን አክስቱ ብቻ አይደለችም። እናቱም አለች፤ ሙች ሲሏት እሺ ብላ አርባ ደቂቃ ርቃ የሞተች ሆና የኖረች። ሲያለቅስላት የኖረው ሴት ኖራ አታውቅም፤ የኖረችውን ደግሞ አልቅሶላት አያውቅም። የሠራተኞቹ ማደሪያ ውስጥ አልጋው ላይ ተጋድሞ ሕይወቱን እንደ አሮጌ ሹራብ ይተረትረዋል። ሥራውን የመረጠው እሳት ውስጥ ለሞተችው እናት ነው። የፀጉር ሠራተኛዋን ያጣት ለእሷ ነው። ልጅ ያልወለደውም የተረፈ ሰው ተራ ኑሮ ይኖራል ብሎ ስላላሰበ ነው። አንዱን ክር ሲስበው ሌላው ተከትሎ ይመጣል፤ እጁ ላይ የቀረው ክር ብቻ ነው።

በአሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ደወል ተደወለ። የቤት ዕቃ ማምረቻ ነው፤ ቀለምና ቫርኒሽ ተያይዞ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። አንድ አናጺ ከኋላ ክፍል መውጫ አጥቷል። እንደ ሁልጊዜው ማስኩን አጥልቆ የአየር ሲሊንደሩን አዝሎ ፊት ሆነ። በሩ ጋ ሲደርስ እግሩ እምቢ አለ። ማድረግ ያለበትን ያውቀዋል፤ እግሩ ግን የሌላ ሰው ሆነ። እሳት ሥጋን እንደሚያቃጥል በአርባ አንድ ዓመቱ ገና ያን ጊዜ የተረዳ ይመስል ቆመ። አለቃው በትከሻው ገፍቶት አልፎ ከሌላ ባልደረባ ጋር ገባ። አናጺውን ጎትተው አወጡት፤ ተርፏል።

ማንም አልወቀሰውም፤ አለመወቀሱ ባሰበት። ጣቢያ ተመልሰው ቱቦዎቹን አጥበው ሲያሰጡ አለቃው መጥቶ አጠገቡ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አጭር፣ ቦርጫም፣ ጡረታው የቀረበ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። የእሳት ልጅ ሁሉንም ነገረው፤ ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ እስከ ብርድ ልብሱ። አለቃው እስኪጨርስ ድረስ አዳመጠው።

«አለቃ፣ እርስዎ ለምንድን ነው የሚገቡት?»

«ፈረቃዬ ስለሆነ።»

«ሌላ ምክንያት የለም?»

አለቃው ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በር ላይ ይቺ ጉልበቴ ትንቀጠቀጣለች። ምክንያትማ ፈልጌ ነበር፤ አጣሁ። ሰውዬው ውስጥ ነው፣ እኔ ውጪ ነኝ፣ ማስኩ ያለው እኔ ጋ ነው። ከዚያ አልፌ ላስብ ስል እሳቱ ይቀድመኛል።»

ይህ ንግግር ያጽናናው እንደሆነ ቢጠየቅ አላጽናናኝም ይላል። ይልቅ ቅናት ተሰማው። ይኼ ቦርጫም ሰው ማንም እናት ሳትሞትለት፣ ማንም ለአንድ ነገር ነህ ሳይለው፣ እየፈራ ሲገባ ሲወጣ ኖሯል። እሱ ግን ያንኑ ሥራ ለመሥራት አንዲት ሴት በቁሟ ልትቃጠልለት ግድ ሆነ። ለጊዜው ፓምፑ ላይ እንዲመደብ ለመነ፤ ተፈቀደለት። ከወር በኋላ በራሱ ጥያቄ ወደ በሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ገብቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ እየተንቀጠቀጠ።

አክስቱን በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ዓይን ሐኪም ቤት የሚወስዳት እሱ ነበር። ሁለት ማክሰኞ አለፈው። በሦስተኛው የቁልፍ ሱቁ ባለቤት ስልክ ደወለለት፤ ዓይኗ ደክሞ ጣቷን በመርፌ እየወጋች እንደሆነ፣ ሂጂ ቢሏት «እሱ ሲመጣ» እንደምትል ነገረው። ሄደ። ኮሪደሩ ላይ በመካከላቸው አንድ ባዶ ወንበር ትተው ተቀመጡ። ይቅርታ አልጠየቀችውም። ቅር አላለውም፤ ብትጠይቀው ምን እንደሚመልስ አያውቅም ነበር። ካርድ የምትጽፈው ልጅ ቀና ብላ የታካሚዋ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«አሳዳጊዬ ናት» አለ።

አክስቱ አንገቷን ደፋች። ቃሉ እንደወጋት አየ። እንዲወጋት ነው ያለው፤ መልሶም አልወሰደውም። ሲወጡ ግን ደረጃው ስለማይታያት ክንዷን ያዘ፤ እስከ ታች ድረስ አልለቀቃትም።

ክረምቱ አልፎ ዝናቡ ሲያባራ ፋርማሲስቷ ደወለች። አከራዩ የእናቷን ክፍል ፈልጎታል፤ ሳይለቀቅ መጥቶ የሚወስደው ነገር ካለ እንዲያይ ፈለገች። በስልክ ይነጋገሩ ስለነበር አንቱታው ቀርቷል። የሚወስደው ነገር እንደሌለ ነግሯት በነጋታው ሄደ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ እጀታው የተሰበረ መነጽር፣ የክር ጥቅል። ፍራሹን አነሳ፤ ሳጥኑን ከታች እስከ ላይ ፈተሸ። ምን እንደሚፈልግ ለራሱም አልተናገረም፤ ግን ስሙ ጋዜጣ ላይ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ከነፎቶው።

«ስለ እኔ ያስቀመጠችው ነገር የለም?» አለ ጀርባውን እንደሰጣት።

እህቱ ወዲያው አልመለሰችም። ምን እያሰበች እንደሆነ ገባው፤ አንድ ትንሽ ነገር ፈልስፋ ልትሰጠው ትችላለች፤ ነበር፣ ጠፋ ልትለው ትችላለች። ዞር ብሎ ጠበቃት።

«የለም» አለች። «እኔም ፈልጌ ነበር። ምንም የለም።»

መሳቢያውን ዘጋው። አመመው፤ ክፉኛ አመመው። ግን በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ታሪክ ያልሰፋችለት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት፤ ለዚህ እግዜር ይስጥልኝ አላት።

የቀረው አልጋው ነበር። የብረት አልጋ ነው፤ ለአንድ ሰው ይከብዳል። ራስጌውን እሱ፣ ግርጌውን እሷ ይዘው ወረዱ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልሄድ ብሎ ተቀረቀረ።

«አሳርፈው» አለች ላብ እያጠመቃት። «እግሩ ይፈታል መሰለኝ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ብሎኑ ዝጓል፤ ቢሆንም በጉጠት የሚፈታ ነው። ጉጠት ከየት ይመጣል አለች። ከታች ቤት እጠይቃለሁ ብሎ አልጋው እንዳይንሸራተትባት በጉልበቷ እንድትደግፈው አሳያትና በቀረችው ጠባብ ክፍተት ተሹለክልኮ ወረደ።