የሲኞር ካርሎ አምባሻ

"ተይ፣ እንዲህ አይታሽም፤ ቆዳ የምታለፊ መሰለሽ እንዴ?" አለ የሻው። የሚስቱን የእናኑን እጅ ከገበታው ገፋ አድርጎ ሊጡን ራሱ ያዘው።

እናኑ በክርኗ ግንባሯን ጠርጋ ቆማ አየችው። ባሏ ከሲኞር ካርሎ ምድጃ ፊት ሰባት ዓመት የቆመ ጋጋሪ ነው፤ በገዛ ቤቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ሊጥ ነክቶ አያውቅም። ሰፈሩም ይህንኑ እያነሣ ይቀልድበት ነበር፤ የጎንደርን ሹማምንት ሁሉ የሚያበላ ሰው፣ ሚስቱ ዳቦ ሲያምራት ከጎረቤት ትቀላውጣለች እየተባለ።

ዛሬ ሊጥ ያስነካው የእናቱ ነገር ነው። እማሆይ ወለተ ሩፋኤል ከጓዳው መደብ ላይ ከዋሉ አራተኛ ቀናቸው ነው። አጥሚቱም ወተቱም አልወርድ ብሏቸዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አምባሻ አማረኝ አሉ። አምባሻ የሚሉት ሲኞር ካርሎ ጣልያን ከወጣ በኋላም እዚሁ ቀርቶ ከፒያሳው ቡና ቤቱ የሚሸጠውን ፒዛ ነው፤ ክብ፣ ቲማቲምና አይብ የለበሰ፣ ጠርዙ እንደ ቆሎ የሚሰበር። ሹማምንቱ ሰው እየላኩ ያዝዙታል፤ አሳላፊው በትሪ አድርጎ፣ ጋዜጣ አልብሶ፣ ሳይበርድ ቤታቸው ያደርስላቸዋል። ለእማሆይ ደግሞ የሻው ያረረውንና የተጣመመውን ቅዳሜ ቅዳሜ እየጠቀለለ ሲያመጣላቸው ስድስት ዓመት ሆነው።

"ምነው ይኸን ያህል መንከራተት?" አለች እናኑ። "ሁለት ብር ልከህ አታዝዝላቸውም? አሳላፊው እንደሁ ወዳጅህ ነው።"

"የቤት ይሻላል። ንጹሕ ነው።"

እናኑ ሣቀች። የሲኞር ካርሎ ቤት ንጹሕ መሆኑን ሲያወራላት የኖረው እሱ ራሱ ነው።

እሷ የማታውቀው ነገር ነበር። የሲኞር ካርሎ ሊጥ የሚለወሰው ከአስመራ በቆርቆሮ በሚመጣ ነጭ ስብ ነው። የሻው አራት ዓመት ሙሉ የፈረንጅ ቅቤ መስሎት ከእናቱ ጋር ሲበላው ኖረ። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ቢጠይቀው፣ ሲኞር ካርሎ አፍንጫውን በጣቱ ወደ ላይ ቀልብሶ እንደ እርያ ጮኸለት፤ ጮኾም ሣቀ። የሻው ከቡና ቤቱ ጓሮ ሄዶ ሐሞቱ እስኪወጣ አስታወከ። ከዚያ ወዲህ ጨጓራዬን እያለ አልቀመሰውም። ለእናቱ ማምጣቱን ግን መተው አቃተው። ቢተው ምነው ቀረ ይላሉ። ቢናገር ደግሞ እማሆይ የመሪጌታ ሚስት የነበሩ፣ ቆብ ደፍተው ሥጋ ከተዉ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሴት ናቸው። ሰፈሩም ከዚያ በኋላ ከእጁ ውሃ አይቀበልም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለእምዬ እነግራታለሁ፣ በሚቀጥለው እያለ ሁለት ዓመት አለፈ። እናኑስ ሽታውን ስላልወደደችው አፏ አላስገባችውም፤ በዚህ ብቻ ፈጣሪውን ያመሰግናል።

ነገ ጠዋት መምሬ ዋኘው እማሆይን ሊያቆርቧቸው ይመጣሉ። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ኑዛዜያቸውን ሊሰሙ ቀጠሮ ይዘዋል። ያንን ስብ ነገ ቁርባን በሚገባበት አፍ ዛሬ አልጨምርም ብሎ የሻው ቆርጧል። ያለፈውን ግን ምን እንደሚያደርገው አላወቀም።

ሊጡን ዳምጦ ምጣዱ ላይ ዘረጋው። ከኮላ ድባ የመጣ ለጋ ቅቤ ቀባው፣ ቲማቲም ፈጨበት፣ አይብ በተነበት፣ ጦስኝ ነሰነሰበት። ላሜራ ከደነና እንደ ድፎ ከላይም ከታችም ፍም አደረገበት። ሲገልጠው ሊጡ ነፍቷል፤ ጠርዙም ቀልቷል። አይቡ ብቻ እንደ ፈረንጁ አይብ መቅለጡን ትቶ ተኮማትሮ ደርቋል።

እማሆይ ትራስ ተደግፈው አንድ ቁራሽ አኘኩ። ብዙ ጊዜ አኘኩት።

"ይኸ አይደለም" አሉ።

ምድጃው ነው፣ የሸክላ እሳት እንደዚያኛው አይሆንም አላቸው።

"ቅቤ ቅቤ ይላል። ሸጋ ነው፣ ለሰርግ ይሆናል። ያማረኝ ግን ያኛው ነው፤ ከዚያ እዘዝልኝ።"

"እምዬ፣ ይኸንኑ ትንሽ ብትሞክሪ።"

እማሆይ ቁራሹን ወደ ሰሐኑ መለሱና ልጃቸውን ትተው ወደ እናኑ ዞሩ። "አየሽ፣ ለጠላት እንጨት ሲያነድ ያልደከመው፣ ለእናቱ ሁለት ብር ከበደው። አባቱ እንዲህ አልነበሩም።"

እናኑ አፈረች፤ ያፈረችው በባሏ ነው። ነጠላዋን አንሥታ እኔው ሄጄ አዝዛለሁ ብላ ከጓዳው ወጣች። የሻው ከበሩ ላይ ቀደማት።

"ከዚህ በር እንዳትወጪ።"

በተጋቡ በዚህ ሁሉ ዘመን እንዲህ ባለ ድምፅ ተናግሯት አያውቅም። ጨካኝ መሆንህን ሳላውቅ ኖርኩ አለችና ነጠላዋን እንደ ያዘች ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች።

መምሬ ዋኘው ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጡ። ጓዳ ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር። የሻው እስከ አጥሩ ሸኛቸው።

"ምንም የለባቸውም" አሉ። "ያስለቀሳቸው ያንተ አምባሻ ነው። ዓርብ በጸሎት ላይ ሆነው ስለ ቅዳሜው ያስቡ ነበር አሉ። እኔም ያ አሳላፊ ትሪውን ይዞ በደጄ ባለፈ ቁጥር አቡነ ዘበሰማያት እየጠፋብኝ ከመጀመሪያው እመልሳለሁ ብዬ አጽናናኋቸው።"

የሻው አልሣቀም። አጥሩን ተደግፎ ስቡን፣ ቆርቆሮውን፣ የሲኞር ካርሎን ጩኸት፣ ቅዳሜዎቹን ሁሉ ነገራቸው። መምሬ ዋኘው መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

"አውቀህ ስንት ዓመት?"

"ሁለት።"

"እሳቸው ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

ሳያውቁ የበሉት ባንተ አንገት ላይ ነው እንጂ በእሳቸው አይደለም፤ ነገ ይቆርባሉ አሉት መምሬ ዋኘው። የእሱን ቀኖና ኋላ ይሰጡታል፤ እስከዚያው ግን ያንን ምድጃ ዳግመኛ እንዳያየው። የሻው ይህንን ሳይነገረውም ያውቀው ነበር።

"እንግዲያ ልግባና ለእናቴ ልንገራት፣ አባቴ?"

"የምትነግራቸው ለእሳቸው ብለህ ነው፣ ወይስ አንተን እንዲቀልህ?"

መምሬ ዋኘው አሳለሙትና ቁልቁለቱን ወረዱ።

ሲገባ ቅቤው የረጋበት አምባሻ እንደ ነበረ ተቀምጧል። እማሆይ ከጓዳ ድምፁን ሰምተው ጠሩት። ከኑዛዜው በኋላ ፊታቸው የታጠበ ይመስል ነበር።

"ላክህ?"

"አልላክሁም፣ እምዬ።"

"ሁለት ብር ሳስተህብኝ ነው?"

ቡና ቤቱ ተዘግቷል ማለት ይችል ነበር። አሳላፊው ታሟል ማለትም ይችል ነበር። እናኑ ከበሩ ሥር ቆማ መልሱን ትጠብቃለች።

"አዎ፣ እምዬ" አለ። "ሳስቼ ነው።"

እናኑ ፊቷን አዞረች። እማሆይ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አወጡ። የሻው ተንበርክኮ ሳመው፤ እንደ ገለባ ቀሎ ነበር።

"ነገ ቆራቢ ነኝ፤ ቂም ይዤ አልቀርብም። ይቅር ብዬሃለሁ" አሉ። "ሌላስ የበደልከኝ አለ?"

"የለም፣ እምዬ" አለ። "ይኸው ብቻ ነው።"